ኪሎ ሜትሩ እንዳይጨምር

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሽ ጀላል፤

አሰላሙ አለይኩም። በዱዓዎ እዚህ ሰው አገር፣ ቶርንክሊፍ፣ ደህና ነኝ፤ የዛሬው ፀሐይ ሰውን ሁሉ ጃኬት አስጥሏል።

ለልጅዎ ለሰልዋ የዚህ አገር ኮሌጅ ክፍያ ብለው አደራ የሰጡኝን ገንዘብ ባንክ ከሚተኛ ብዬ ያቺን የጣልያን መኪና ስገዛበት፣ «ጎበዝ! መኪና ማለት ወርቅ ነው» ብለውኝ ነበር። እርስዎስ ቪትዝዎን አሥር ዓመት ነድተው ከገዙበት በላይ አይደል የሸጧት? እኔም ኪሎ ሜትሩ እንዳይጨምር ብዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ የምሄደው በአውቶቡስ ነው። መኪናዋ ምድር ቤት ቆማ አንዲት ጭረት የላትም።

ቅዳሜ አንድ መኪና ገዝቶ የሚሸጥ ዲለር ጋ ይዣት ሄድኩ። ኪሎ ሜትሩን አይቶ ይደነቃል ስል፣ ሰውየው የተሠራችበትን ዓመት ብቻ ጠየቀኝ። ከዚያ «እዚህ አገር መኪና ቆማም ዋጋዋ ይወርዳል» ብሎ ካልኩሌተሩን ነካ ነካ አድርጎ ወደ እኔ አዞረልኝ። ስመለስ ረጅሙን መንገድ ዞሬ ነዳኋት፤ እንዴት ያለች መኪና መሰለችዎ!

ሰልዋ ለመስከረም ሻንጣዋን መሸከፍ ጀምራለች አሉኝ። አጎቴ፣ የዚህ አገር ብርድ ለልጅ ከባድ ነው። ለከርሞ ብትመጣ አይሻልም?

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ፤ በዱዓ አይርሱኝ።

የወንድምዎ ልጅ ሙኽታር