ባትሪዬን ጥግብ አድርገው ላስረጁት ሊቀ መንበር

ለተከበሩ አቶ ፒዮ ቻንግ-ጉ
የሀንቢት አፓርታማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ዴጉ

ክቡር ሆይ፣

የዴጉ ነሐሴ አስፋልቱን በሚያቀልጥበት በዚህ ሰሞን ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? ማለዳ ማለዳ በነጠላ ጫማ ወደ መኪና ማቆሚያው ሲወርዱ ከመስኮቴ ስለማይዎ፣ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተረድቼ ተጽናንቻለሁ። እኔ የ103 ሕንፃ ነዋሪዋ ታክ ሚ-ሬ ምስጋናዬን ጎረቤት ሁሉ እንዲያነበው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማቅረብን መርጫለሁ።

አንደኛ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሄደውን መኪናዬን ባትሪዋ ሰማንያ በመቶ ሲሞላ ከቻርጅ ማድረጊያው የምነቅላት በንፉግነት አልነበረም። ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቶሎ እንደሚያረጅ ከመኪናዋ ጋር የመጣው መመሪያ ስለሚናገር ነው። እርስዎ ግን የማኅበሩን የቻርጅ ማድረጊያ ቁልፍ ይዘው በየማለዳው እየወረዱ መልሰው ይሰኩልኛል። ይህ ሳያንስ በየቤታችን በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ፣ «እትዬ ታክ፣ መኪናዎን ግማሽ ሆድ አብልተው ጥለዋት ገብተዋል! እኔ እያለሁማ የጎረቤቴ መኪና አትራብም፤ ጥግብ እስክትል ሰክቻታለሁ፣ አይዞዎት!» ብለው ለመላው ሰፈር አበሰሩ። ለእንግዳ ሩዝ ከምሮ ማቅረብ ያገራችን ወግ መሆኑን አውቃለሁ። ባትሪ ግን እንግዳ አይደለም፣ ይሉኝታም የለውም።

ሁለተኛ፣ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ «ባትሪን መጀመሪያ ጥርግ አድርጋችሁ ጨርሱት፣ ከዚያ አፍ እስከ ገደፉ ሙሉት» ብለው የሰጡንን ትምህርት አልረሳሁም። የእውቀትዎ ምንጭ በወጣትነትዎ የያዙት የእጅ ስልክ መሆኑን ሲገልጹልን እጅግ ተደነቅሁ። ያ ስልክ ዛሬ የት እንዳለ ለመጠየቅ ግን ድፍረት አጣሁ።

ሦስተኛው ቀልድ የለውም። ባለቤቴ ዎን-ሲክ የካንሰር መድኃኒቱን ወስዶ ሲመለስ የቤንዚን ሽታና የሞተር መንቀጥቀጥ ያስመልሰዋል። ያቺን ባትሪ የምሳሳላት ለዚህ ነበር። በኤሌክትሪክ ብቻ ከሆስፒታል እስከ ደጃችን ታደርሰን ስለነበር፣ እሱ መንገዱን ሙሉ ይተኛ ነበር። ሁለት ዓመት ያጠገቧት ባትሪ ግን አሁን የሰፈራችን ዳገት ሥር ስንደርስ ታልቅና የቤንዚኑ ሞተር ይነሳል። «ሚ-ሬ፣ በእናትሽ አቁሚልኝ» ይለኛል። አቆማለሁ። በየጊዜው መንገድ ዳር ቆሜ ጀርባውን ሳሻሽለት፣ ክቡርነትዎን በክፉ ሳላነሳ ቀርቼ አላውቅም።

እንግዲህ ያቺን ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ ያሳርፏት ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ለሰው መኪና ሲሉ ማለዳ የሚነሱት እግሮችዎ እረፍት እንዲያገኙ ከልብ እየተመኘሁ፣ ወገቤን ሰብሬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ
ታክ ሚ-ሬ

ማስታወሻ፦ የራስዎ መኪና አሮጌ ናፍጣ በመሆኗ የሚሰኩት ነገር እንደሌለዎት አውቃለሁ። ደግነትዎ ሥራ እንዳይፈታ፣ ነገ ከሕክምናው ስንመለስ ከኋላ ወንበር ከባለቤቴ ጎን ቦታ ይዤልዎታለሁ። እኔ መሪ ስለምይዝ እጄ አይደርስም፤ ፌስታሉን እርስዎ ይይዙለታል።