መስታወቱ የተሸፈነበት ቅዳሜ

ሚሽኮልትስ፣ በግንቦት መገባደጃ

ለእህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብ ሕመምሽ ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ እንዴት ነው፤ ዘንድሮም ከሰው ቀድሞ ቲማቲም ተክሎ ለውርጭ ገበረው? እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ። እማም ደህና ናት። ግፊቷ ወርዷል፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ይህን ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ «ገደልሻት» ብለሽ እንዳትጮሂብኝ። በስልክ ያልነገርኩሽም ለዚሁ ነው። በስልክ አንቺ ታቋርጪኛለሽ፣ እኔ እሺ እላለሁ፣ ነገሩ አንቺ እንዳልሽው ሆኖ ያልፋል። ወረቀት ግን አይቋረጥም።

ወንድማችን ቬንዴል ኦስትሪያ ውስጥ ከግንባታ ላይ ወድቆ የቀረብን በጥቅምት ነው። ለእማ አይነገራት ያልሽው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ «ልቧ አይችለውም፣ ብርዱ ይለፍ» አልሽ። ብርዱ ሲያልፍ «የዓይኗ ቀዶ ጥገና ይለቅ» አልሽ። እሱም አለቀ፤ «ፋሲካን ደስ ብሏት ትዋል» አልሽ። እኔም መንትያዋ እሷ ናት፣ እኔ ምን አገባኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በሱ ስልክ መልእክት የምትጽፊላት አንቺ፣ ፊቷን እያየሁ የምዋሸው እኔ። «እማ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚለው በመጣ ቁጥር መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህን አጥባለሁ። የታጠበ ሳህን ስንቴ መልሼ እንዳጠብኩ እግዜር ይወቀው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚየም ይዣት መዞር የጀመርኩት ለዕውቀት እንዳይመስልሽ። ከሰው አፍ ለመሸሽ ነው። ገበያ ብንሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ብንሄድ፣ ከመንደራችን አንዱ ድንገት መጥቶ «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል ብዬ ስሰጋ ነፍሴ አለቀ። ሙዚየም ውስጥ የሚያውቀን የለም። ከሰባ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው መግቢያው ነጻ ስለሆነ እማ መታወቂያዋን እንደ ጄኔራል ዘርግታ ነው የምትገባው። የማዕድን ድንጋይ አየን። የማቲዮ ገበሬዎችን ጥልፍ አየን፤ የጨርቁን ጀርባ ገልብጣ እንዳታይ ስለከለከሏት «ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል» ብላ ተቀይማ ወጣች። በአንዱ ቤተ መንግሥት ደግሞ ወለሉ እንዳይጫር ከጫማ ላይ የሚጠለቀውን የሱፍ ነጠላ ጫማ አጥልቃ ከአዳራሽ አዳራሽ ተንሸራተተች። ሳቀች። ከዚያ «ቬንዴል ቢኖር ይሄኔ ወድቆ ነበር» አለች። ቢኖር ያለችው አብሮን ቢኖር ለማለት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ያን ሰሞን ነው ቤታችንን ነቅሎ የወሰደው የገጠር ቤቶች ሙዚየም የጠራን። አባታችን በሞተ በዓመቱ በሩንና መስኮቱን፣ የጣሪያውን ወራጅ ሳይቀር ምልክት እያደረጉ አፍርሰው ኮረብታው ላይ እንደተከሉት ታስታውሺያለሽ። አሁን ኤግዚቢሽኑን አድሰው የቤቶቹን ባለቤቶችና የመንደሩን ሰዎች ለበዓል ጠሩ። ከመንደራችን ሰው የቬንዴልን ሞት ያልሰማ ማን አለ? አውቶቡሱ ያደክምሻል አልኳት። ሰው ይበዛል አልኳት። በመጨረሻ ይዘንባል ብላት «ከዘነበ እዚያ የራሴ ጣሪያ አለኝ» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ገና ከበሩ ስንገባ እትዬ ቦርቻን አየኋት። የአጥር ጎረቤታችን፤ ምስጢር በጆሮዋ ገብቶ በአፏ የሚወጣው ሳያድር ነው። ጥቁር ለብሳ ከመንደራችን ሰው ከጋሽ አምብሩሽ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እማን ክንዷን ይዤ ወደ ነፋስ ወፍጮው ጠመዘዝኳት። ከወፍጮው ወደ ቀጥቃጩ ቤት፣ ከቀጥቃጩ ቤት ወደ ንብ ቀፎዎቹ። ዞር ስል ቦርቻ ምርኩዟን ይዛ ተነሥታለች፤ እጇን ታውለበልባለች። እማ ቆም አለችና «ምነው እንደሰረቀ ሰው ከቤት ቤት ታሯሩጪኛለሽ? ድንጋይና ወፍጮ በቃኝ፤ ቤቴን አሳዪኝ» አለች። ወሰድኳት።

ቤቱ ጥሩ ነው፤ በኖራ ተለስኖ ነጭ ብሏል። እማ ወጥ ቤቱን ቀና ብላም አላየችውም። በቀጥታ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል፣ ማንም የማይተኛበት፣ ትራሱ እስከ ጣሪያ የተከመረበት፣ ለእንግዳና ለሬሳ ብቻ የሚከፈተው ክፍላችን ሄደች። አባታችንን እዚያ ነበር ያስተኛነው። አሁን በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል። እማ ገመዱን እንደ ልብስ ማስጫ ከፍ አድርጋ በሥሩ አለፈች።

የክፍሉ ጠባቂ ኢልካ የምትባል ሴት ናት። ከወንበሯ ተነሥታ፣ በትህትና፣ «እማማ፣ ከገመዱ ወዲያ አይቻልም፤ ዕቃው አይነካም» አለቻት። እማ «ልጄ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ መስታወት የሰቀለው ባሌ ነው» አለች። ኢልካም «ይሄኛው እኮ ከሌላ መንደር የመጣ ነው» አለች። እማ አልተበሳጨችም። «መስታወቱ የማንም ይሁን፤ ግድግዳው የኔ ነው» አለችና የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች። ጠዋት ለመንገድ የፖጋቻ ዳቦ ስቋጥርላት ያንን ቦርሳ አይቼው ነበር፤ ከሥር ያለውን ግን አላየሁም። ጥቁር ጨርቅ አወጣች። ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፎ ነው የመጣው። ዘረጋችውና መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት ከፍታ ፔንዱለሙን በጣቷ ያዘችው። ሰዓቱ ቆመ። መስኮቱንም ከፈተች፤ አባታችን የሞተ ዕለት በወጉ ያደረገችውን ሁሉ።

ከኋላዬ ጎብኚ ሞልቷል። በዓሉ ስለሆነ በየቤቱ ዳቦ ሲጋገር፣ ሸማ ሲሠራ እያሳዩ ነበርና የኛንም የዝግጅቱ አካል አደረጉት። ፎቶ አነሱ። አንዲት ሴትዮ አጨበጨበች። ካሜራ ያንጠለጠለ ሰውዬ ኢልካን ቀጣዩ ትርዒት መቼ ነው ብሎ ጠየቃት። ኢልካ አለቃዋን ልትጠራ ስልኳን አንሥታ ነበር፤ እማን አየቻት፣ ስልኩን ኪሷ ከተተች። «ትርዒት አይደለም፣ ጌታዬ። ኮፍያዎን ያውልቁ» አለችው።

ይሄኔ ነው እትዬ ቦርቻ እያለከለከች የደረሰችው። ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። እጄን ዘርግቼ መቃኑን ያዝኩ። ሁሉ ነገር ዓይኔ ፊት ተገልጦ እንኳ አሁንም የማድናት መስሎኛል። ቦርቻ በሹክሹክታ «አልነገራችኋትም እንዴ?» አለችኝ። ከኋላዬ የእማ ድምፅ መጣ፤ «አሳልፊያት። የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም።»

እጄ ራሱ ወረደ። ቦርቻ ገባች፣ ጋሽ አምብሩሽ ገባ፣ የመንደሩ ሰው አንድ በአንድ ገመዱን እያለፈ ገባ። ያቺ ወሬኛ ያልኳት ቦርቻ አንዲት ቃል ሳትናገር እማን አቅፋ ቆየችና መዝሙሩን ጀመረችላት። እኔ ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ ሳህን አልያዝኩም፣ ጀርባዬን አልሰጠሁም። ኢልካ ወንበሯን አምጥታ አስቀመጠችኝ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው አልኳት። «ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ» አለች። «ቬንዴል መቼ ነው ደህና ነኝ ብሎ ጽፎልኝ የሚያውቀው? ያ ሆዳም ምን ተሠራ ብሎ ነው የሚጀምረው።» ታዲያ ይህን ሁሉ ወር እንዴት ዝም አልሽ አልኳት፤ ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅሽም። እንዲህ አለችኝ፦ «እህትሽ በሱ ስም ስትጽፍልኝ ከሱ ጋር እያወራች እኮ ነው። ይህን እንዴት እነጥቃታለሁ? ብርዱ ይለፍ አለች፤ ብርዱ የኔ መሰለሽ? መርዶ ያልተነገራት እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ለቅሶ ግን ቤት ይፈልጋል፤ ስድስተኛ ፎቅ ላይ አልቅሼ ጎረቤት ላስደነግጥ? እኔ ዛሬ ቤቴ ገብቼ ልጄን አለቀስኩ። አሁን እሷን አርጂያት።»

መርዶ ተናግሬ አላውቅም፤ በወረቀትማ እንዴት እንደሚባልም አላውቅ። እህቴ፣ ቬንዴል ሞቷል። አብሮሽ ወደዚህ ዓለም የመጣው ወንድማችን ሞቷል። ከኦስትሪያ ያመጣሽውን የተቃጠለ አስከሬኑን አመድ ከቁም ሳጥንሽ ላይ እንዳላወረድሽው ባለቤትሽ ነግሮኛል፤ አትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። እማ ከአባታችን ጎን የመቃብር ቦታ አስይዛለች። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሙዚየም አንሄድም፤ አንቺን ነው የምንጠብቀው።

ይህን ስጽፍ ደግሞ የእማ ስልክ ጮኸ። «እማ ደህና ነኝ፣ አትጨነቂ» ይላል። እንደ ወትሮዋ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ከዚያ ዓይኗ ስለደከመ እኔን አስጻፈችኝ። መልሱ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ደርሶሻልና ግራ ገብቶሽ ከሆነ እማ ራሷ ያለችው ነው፦ «እኔም ደህና ነኝ፣ ልጄ። እህትህን ይዘሃት ና።»

መንገዱን ያቅናልሽ። እማ ከሩቅም ቢሆን እጇን በራስሽ ላይ ጭናለች፤ ልብሽን ይጠግንልሽ ብላለች። ባለቤትሽ ብቻሽን እንዳይለቅሽ።

የሁለታችሁም ታናሽ