ስለ ፎርማዎቹ ያልነገርኩህ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እዚያው ቆመ። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ሐውልትህ ላይ ስምህን ሁለቴ አሳስተው ጽፈውት በሦስተኛው አስተካከሉልን። እኔም ጥቁሬን አውልቄያለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጀምረውና ስተወው የቆየሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ ሲገባኝ ያልነገርኩህ ነገር ስላለ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አሁንም ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ያው ቤት ነን። ጫማዋን በነጻ የምትጠግንላት ሶማሌዋ ጎረቤታችን ዛሬም በዒድ ሳምቡሳ ትልክልናለች፤ ሳህኑን ስትሰጠኝ «የሽማግሌው ድርሻም አለበት» ትላለች። የልጅ ልጅህ ሜላት ዘጠኝ ዓመት ሞላት። አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ስትናደድ ደግሞ ዙሉ ትጨምርበታለች። ክፍልህን ለእሷ ሰጥተናታል። ሱፎችህ ግን ከቁም ሳጥኑ አልወጡም። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ለቤተክርስቲያን እንስጣቸው ብሎኝ ነበር። «እንዲህ ጠባብ ሱፍ ማን ይለብሳል?» አልኩት። ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም።

እሑድ እሑድ ለቅዳሴ ስትገባ ትዝ ትለኛለህ። ኮትህ ባለ ሦስት ቁልፍ፣ ሱሪህ ቀጭንና ከቁርጭምጭሚትህ ከፍ ያለ። ወንዶቹ በር ላይ ቆመው «ጋሽ ታደሰ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛውን ወንዝ ሊሻገሩ ነው?» ይሉህ ነበር። አንተ አትቆጣም። ቆም ትልና ሱሪህን ትንሽ ሳብ አድርገህ፣ በእጅህ የሰፋኸውን ጫማ እያሳየህ «ይሄ እንዳይሸፈን ብዬ ነው» ትላቸዋለህ። እነሱ ይስቃሉ፣ አንተም ትስቃለህ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስባለሁ። አፍርብህ ነበር፣ አባዬ።

«እኔ እኮ በወጣትነቴ ሞድ ነበርኩ» ያልከኝ ቀንም ስቄብሃለሁ። እኛ ሰው ላይ መቀለድን ሙድ መያዝ ስለምንል ቃሉ ራሱ አሳቀኝ። አንተ ግን ሥራህን አቁመህ አስረዳኸኝ። ፒያሳ አንድ አርመናዊ ጫማ ሰሪ ዘንድ ተቀጥረህ ስትሠራ፣ አውሮፕላን ላይ አስተናጋጅ የነበረ የሰፈራችሁ ልጅ ከለንደን መጽሔት ያመጣላችኋል። መጽሔቱ ላይ ቬስፓ የሚነዱ ወጣቶች ነበሩ። የለበሱት ልክክ ያለ ሱፍ ነው። ሱፉ በዝናብና በአቧራ እንዳይበላሽ ደግሞ ቆብ ያለው ሰፊ የወታደር ካፖርት ደርበውበታል። እግራቸው ላይ ጎንና ጎኑ ላስቲክ ያለው አጭር ቡት አለ። የሀብታም ልጆች አልነበሩም አልከኝ። ቢሮ የሚላላኩ፣ መጋዘን የሚሠሩ ነበሩ። የሚጨፍሩበት ዘፈን የጥቁር አሜሪካኖችና የጃማይካኖች ነበር፣ የሚወዱት ጫማ የጣሊያን።

«ሳምንቱን ሙሉ ሲታዘዝ የከረመ ሰው ቅዳሜ ራሱን የሚያዝበት ልብስ ነው» ነበር ያልከኝ። ያኔ ነገሩ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎ ታየኝ።

አንተ ያንን ቡት ከፎቶው እያየህ ብቻ ቆርጠህ ሰፋኸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትህ። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፣ አምሮ መታየት የሚያስጠይቅበት ጊዜ መጣ፣ ጫማውን ሸሸግከው። ከብዙ ዓመት በኋላ እማዬ ስታርፍ እኔን የአሥር ዓመት ልጅ ይዘህ ጆሃንስበርግ መጣህ። የሌላ ሰው ሻንጣ በልብስ ሲሞላ የአንተ ግማሹ ፎርማ ነበር፤ ጫማው የሚወጠርባቸው እግር የሚመስሉ እንጨቶች። አርመናዊው ሱቁን ሲዘጋ የሰጠህ ናቸው። የድንበሩ ፈታሽ አንዱን አንስቶ ሲያገላብጠው፣ አንተ በማታውቀው ቋንቋ ምን እንደሆነ ለማስረዳት የራስህን ጫማ አውልቀህ አሳየኸው። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

እዚህ ትምህርት ቤት ስገባ ጥቁር ጫማ ሠራህልኝ። እግሬ ሰፊ ስለሆነ የሱቁ ጫማ ይልጠኛል ብለህ፣ አንዱን ፎርማ በቆዳ ቁራጭ አወፍረህ በልኬ አስተካከልከው። አንዲት ልጅ ከየት እንደተገዛ ስትጠይቀኝ፣ ትልቁን የገበያ አዳራሽ ስም ጠራሁላት። «አባቴ ነው የሠራው» ማለት ይከብድ ነበር? አሁን ሳስበው አይከብድም ነበር።

ጀፕስታውን ያለውን ሱቅ ስንከፍት ከኋላ ያለውን ጥግ ለአንተ ተውኩልህ። እኔ ከቻይና የሚመጣ ጫማ በካርቶን ለቸርቻሪዎች እሸጣለሁ፣ አንተ እዚያ ጥግ ላይ ወስፌህንና የቆዳ ቢላህን ይዘህ ትቀመጣለህ። ደንበኞችህ በብዛት ከክሊፕታውን የሚመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከሁሉም በላይ ባባ ቴምባ። ሲገባ ባርኔጣውን አውልቆ «ሳውቦና፣ ምፎዌቱ» ይልሃል፤ ሰላም፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። እሱም በወጣትነቱ ሶዌቶ ውስጥ እንደዚያው ይለብስ እንደነበር፣ የእነሱ ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ሱሪውም ጫማውም ዘፈኑም አንድ እንደነበር ያወራልህ ነበር። ሁለታችሁም በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንደዚያ መግባባታችሁ ይገርመኝ ነበር። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ክሊፕታውን ባለው ግቢው ውስጥ ሸክላ ያጫውታል፣ እናንተም ለብሳችሁ ትሄዳላችሁ። ከቅዳሴ በኋላ ታክሲ ትይዝና አመሻሽ ላይ ደስ ብሎህ ትመለሳለህ።

«አንድ ቀን እንኳ ነይና እዪን» አልከኝ። ሥራ አለ አልኩህ። ሌላ ጊዜ ሜላት ጉንፋን ይዟታል አልኩህ። በኋላ መጠየቁን ተውከው። እኔም መተውህን ያወቅኩት አሁን ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልግባ።

በሳንባህ ታመህ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት የተኛህ ጊዜ ነው። ዕቃ ገብቶልኝ ካርቶኑ እስከ በሩ ደርሶ ነበር። ጥግህን አየሁት። እንግዲህ አይመለስበትም ብዬ አሰብኩ። ወንበርህን ወደ ቤት ላክሁት። መሣሪያዎችህን በከረጢት አስቀመጥኩ። ፎርማዎቹ ግን፣ እዚህ ከጨመርካቸው ጋር፣ ሁለት ትልልቅ ሣጥን ሙሉ ነበሩ፣ ከባድ ናቸው፣ ቦታ ይይዛሉ። ከሕንፃው በር ላይ በቆሎ የምትጠብሰዋ ማማ ግሬስ እንጨት አጥሯት ነበር። ጠርቼ ሰጠኋት። እኔ ራሴ ነኝ አንዱን ሣጥን ይዤ ደረጃውን ያወረድኩላት።

አንተ ግን ተሽሎህ ተመለስክ። ሱቅ መጥተህ ጥጉን አየኸው። አልተቆጣህም። «ፎርማዎቹስ?» ብቻ አልከኝ።

«ዕቃ ስናዘዋውር ጠፉ» አልኩህ።

«ይሁን፣ ምን ይደረጋል» አልከኝና ካርቶን ላይ ተቀመጥክ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር አብረን ኖርን። በእነዚያ ስምንት ወሮች እውነቱን ልነግርህ የምችልበት ስንት ቀን ነበር። አንድም ቀን አልነገርኩህም።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ሱቅ መጣች። ኖምሳ ትባላለች፣ ሠላሳ ዓመት ይሆናታል፣ ብራምፎንቴይን የራሷ የጫማ መሥሪያ አላት። ከቦርሳዋ ያረጀ ቡት አወጣች፤ ጎንና ጎኑ ላስቲክ ያለው። አያቷ ሲሞት የወረሰችው ነው፤ እኛ ሱቅ እንዳሠራው ነግሯት ነበር። ስፌቱን ገና ሳየው እጅህን አወቅሁት። «የሠራውን ሰው እየፈለግኩ ነው» አለችኝ። የብራምፎንቴይን ወጣቶች ይህንኑ አለባበስ እንደገና እንደያዙት፣ ቀጭኑን ሱሪ፣ እስከ አንገት የሚቆለፈውን ሸሚዝ፣ ሰፊውን ካፖርት፣ ሁሉም ግን ከፋብሪካ እንደሚገዙና እንደዚህ እግር ላይ የሚያርፍ ቡት የሚሠራ እንዳጣች ነገረችኝ። እያወራችኝ ዓይኔ ከኋላዋ ያሉት ካርቶኖች ላይ አረፈ። አባዬ፣ ከቻይና ከማስመጣው ግማሹ ያው ቡት ነው። አንተ ፒያሳ ከፎቶ አይተህ የሰፋኸው። ስንት ዓመት ስሸጠው ኖሬ አንድ ቀን ቆሜ አላየሁትም።

ማረፍህን ነገርኳት። አዘነች። ቀጥላ ፎርማዎቹን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ጠፉ» አልኳት። ያንኑ ውሸት፣ በሌላ ቋንቋ።

አንተ የሠራኸውን ሌላ ጫማ ማየት ስለፈለገች ወደ ባባ ቴምባ እንደምወስዳት ቃል ገባሁላት። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ ሁለታችን ክሊፕታውን ሄድን። ስንት ጊዜ የጠራኸኝ ግቢ እሱ ነው። ቆርቆሮ አጥር፣ የተጠረገ መሬት፣ በረንዳው ላይ ሸክላ ማጫወቻ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ለብሰው ይጨፍራሉ። የሚጨፍሩት ከወገብ በላይ ሳይነቃነቁ ነው፤ እግራቸው ብቻ ነው የሚሠራው። ቁጭ ብዬ እግራቸውን አየሁ። ሰባቱ የአንተን ጫማ አድርገዋል። ቆጠርኩ።

ባባ ቴምባ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «አባትሽ እዚያ ነበር የሚቆመው» ብሎ ከበረንዳው አጠገብ ያለ ቦታ አሳየኝ። ኖምሳ የእሱን ጫማ አገላብጣ ስታይ ቆየችና «ፎርማዎቹ ባይጠፉ ኖሮ» አለች። ያኔ መቀመጥ አቃተኝ።

«አልጠፉም» አልኩ። «በቆሎ መጥበሻ ማገዶ አድርጌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ለአባቴም ዋሽቼዋለሁ።»

ባባ ቴምባ ጫማውን ከእጇ ወስዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። «እሱ ያውቅ ነበር» አለኝ።

ከሆስፒታል በወጣህ በሳምንቱ በቆሎ ልትገዛ ማማ ግሬስ ዘንድ ሄደህ፣ እሷ ስለ እንጨቱ አመስግናህ ነበር ለካ። ልጅህ ደግ ናት፣ ደርቆ የኖረ እንጨት ስለሆነ ጭስ የለውም ብላሃለች። አንተም «ደህና ነደደልሽ?» ብለህ ጠይቀህ፣ በቆሎህን ተቀብለህ ሄድክ። ለባባ ቴምባ ስትነግረው «ልጄ ቦታ ጠቧት ነው። እንዳወቅኩ ካወቀች ትሳቀቃለችና እንዳትነግራት» ብለኸዋል። እሱም ቃሉን ጠብቆ ኖሯል። የነገረኝ እኔ ራሴ አፌን ስለከፈትኩ ብቻ ነው።

አባዬ፣ ስምንት ወር ሙሉ እያወቅህ ምሳ ሳመጣልህ መረቅከኝ። እየዋሸሁህ እንደሆነ እያወቅህ ሜላትን አቅፈህ ተኛህ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበኝ አልቅሼ ይቅርታ እጠይቅህ ነበር፣ አንተም ይቅር ትለኝ ነበር፣ ያልቅ ነበር። አሁን ይቅርታዬን የሚቀበለኝ የለም። ይቅር እንዳልከኝ አውቃለሁ፤ ሳልጠይቅህ መሆኑ ነው የሚያቃጥለኝ።

ኖምሳ ከባባ ቴምባ ቡት ልክ ወስዳ አዲስ ፎርማ አስቀርጻለች። የመጀመሪያው ጫማ ተረከዙ ላይ ልል ወጣ። ሁለተኛው ይሻላል፣ ግን የአንተ አይደለም፤ እሷም ታውቀዋለች። መሣሪያዎችህን ሰጥቻታለሁ። ጥሩ እጅ ላይ ናቸው።

ለሜላትም ነገርኳት። ትንሽ ናት፣ ይቆየኝ ብዬ ነበር፤ ግን የእኔ መቆየት የት እንዳደረሰኝ አይቻለሁ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አያቴ ካወቀ ለምን ዝም አለ?» አለችኝ። ስለሚወደኝ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አንቺም ትወጂዋለሽ አይደል፣ አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ።

አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፤ ሁሉም ለሟቹ የሚለው ነው። እኔ የምገባልህ ቃል ሌላ ነው። ኖምሳ ዘንድ የሚመጡት ወጣቶች ስለ ቡቱ ሲጠይቁኝ፣ ታደሰ የሚባል ጫማ ሰሪ እንደነበረና አባቴ እንደሆነ ሙሉ ስምህን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ። ፎርማዎቹ የት ሄዱ ሲሉኝም ጠፉ አልልም። አንተን የማስታውስህ የእኔን ጥፋት እየሸፈንኩ አይደለም፤ ጥፋቴን ስሸፍን አንተ የተሸከምከውም አብሮ ይሸፈናልና። ማማ ግሬስ እንዳለችህ ደግ አልነበርኩም፣ አባዬ። ያንን እያወቅህ ወደድከኝ። ይህንን እስከምሞት አስታውሰዋለሁ።

ልጅህ ሂሩት