ሻንጣዬን ለብሼው የመጣሁ ቀን

ውድ ወንድሜ ያቤፅ፣

በስልክ ስናወራ እኔና አንተ ከቀልድ አናልፍም። አንተ «ኩላሊትሽ እዚህ ማኪያቶ አምሮታል» ትለኛለህ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆራረጥና እንለያያለን። ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሰው ለሕክምና ወደ ዴልሂ ሊመጣ ነው ሲባል፣ በስልክ የማልልህን ጽፌ ልስጠው ብዬ ተቀመጥኩ።

አጎታችን ዕዝራ ይዞህ ከመሄዱ በፊት ፒያሳ ኬክ ቤት የተቀመጥንበትን ቀን ታስታውሳለህ። የምርመራው ውጤት ወጥቶ የእኔ ኩላሊት ላንተ እንደሚሆን ታውቋል። ውሃ እንኳ በልክ ጠጣ ተብለህ ስለነበር እኔ ማኪያቶዬን ስጠጣ ታየኛለህ። ከዚያ «ካንቺ አልወስድም» አልከኝ።

«ለምን?»

«ገና አልወለድሽም። ነገ አንድ ነገር ብትሆኚ በምን ዓይኔ ነው እማዬን የማያት?»

ሐኪሙ መውለድ እንደምችል መናገሩን ብነግርህ «አቦ ቲቲ፣ ተይኝ» ብለህ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዞርክ። እሺ ሳትለኝ ሄድክ። እኔም እሺ ሳትለኝ ትኬት ቆረጥኩ።

ያገኘሁት ርካሽ ትኬት በእጅ የሚያዝ ሻንጣ ብቻ ነበር የሚፈቅደው፤ እሱንም ከሰባት ኪሎ እንዳያልፍ። እኔ አልከፋኝም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከባድ ነገር እንዳላነሳ ተነግሮኛል፤ የምመለሰውም ብቻዬን ነው። ይህን ለእማዬ ማስረዳት ነበር ጭንቁ። ሁለት ቅያሪ ልብስ አጣጥፌ ሳስቀምጥ፣ እሷ ከጎኑ በሶ፣ ጨው ያልነካው ሽሮ፣ ተልባ ትደረድራለች። በመጨረሻ ያንን ወፍራም ጋቢ አመጣች።

«እማዬ፣ ሰኔ እኮ ነው፤ ዴልሂ በሙቀት እየነደደ ነው።»

«ሆስፒታል የትም አገር ይበርዳል» አለችኝ።

እንዳንጣላ ብዬ ሻንጣውን ይዤ ጋሽ ተክላይ ሥጋ ቤት ወረድኩ። ሰፈሩ ሲፈርስ እሱ ከነሚዛኑ እንደቀረ ታውቃለህ። እማዬም ተከትላኝ መጣች። ጋሽ ተክላይ ሻንጣውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ «ዘጠኝ ተኩል» ሲል፣ እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች «ያንተ ሚዛን መቼ አንሶ ያውቃል» አለችው። እሱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። እዚያው ባንኮኒው ላይ ሻንጣውን ከፍታ አንድ አንዱን እያነሳች ትመልሳለች፤ ተልባውን አውጥታ መልሳ አስገባች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ልጆቿ በአንድ ቀን ቢላ ስር ሊተኙ ነው፣ እሷ ደግሞ ደም ግፊቷ ስላለ መሄድ አትችልም። ከእኛ ጋር መላክ የምትችለው ይህንን ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔን ጫማና ሹራብ አውጥቼ የእሷን ተውኩላት።

አየር ማረፊያ ስደርስ እንደገና ከልክ አልፎ ተገኘ። እማዬ ሳላይ ጭኮ ጨምራበታለች፤ ሹራቤንም መልሳዋለች። ሠራተኛዋ በትሕትና «እህቴ፣ መቀነስ አለብሽ፤ አለበለዚያ አታልፊም» አለችኝ። ያቤፅ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ «አታልፊም» ስትለኝ ደስ አለኝ። ሻንጣው ከለከለኝ ብዬ ወደ ቤቴ ልመለስ አሰኘኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለሁሉም «ምንም አልፈራም» ስል ነበር የከረምኩት። ያን ጊዜ ግን እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ተቀምጬ ሻንጣውን ስከፍተው የጭኮው ሽታ ወጣ። ልጅ ሆነህ ከጓዳ ሰርቀህ እየበላህ አፍህን በእጅጌህ የምትጠርገው ታወሰኝ። ከዚያ ቀሚሱን ከሱሪዬ ላይ ለበስኩ፣ ሹራቡን ደረብኩ፣ ጃኬቱን ጨመርኩ፣ ጋቢውን ከሁሉም በላይ ተከናነብኩ። ከኋላዬ የቆመች ሴትዮ ፓስፖርቴን ይዛልኝ «አይዞሽ፣ አምሮብሻል» አለችኝ። ሻንጣው ሲመዘን ልክ ሆነ። አለፍኩ።

ዴልሂ በላብ ተጠምቄ ክፍልህ ስገባ ያየኸኝን አስተያየት አልረሳውም። ፊትህ አብጦ፣ ከንፈርህ ደርቆ ነበር።

«ቲቲ፣ ሻንጣሽን ለብሰሽው ነው የመጣሽው?» ብለህ ሳቅክ። እስኪያስልህ ድረስ ሳቅክ። ከስንት ወር በኋላ ሳቅህን መስማቴ ነበር።

ጋቢውን ስሰጥህ እስከ አንገትህ ሳብከው። ክፍሉ በእርግጥም ይበርድ ነበር። ከዚያ «ትፈሪያለሽ?» አልከኝ።

«እፈራለሁ» አልኩህ።

«እኔም።»

«እንግዲያው አብረን እንፍራ።»

በማግስቱ የቀዶ ሕክምናውን የስምምነት ወረቀት ፈረምክ። «አልፈራም» ብዬህ ቢሆን ኖሮ አትፈርምም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ቀን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ከማደንዘዣው ነቅቼ በሕመም ዓይኔን ጨፍኜ ሳለሁ አጎታችን ዕዝራ መጣ። መድረክ ላይ ቆሞ ሲጸልይ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርገው ሰውዬ፣ በሩ ላይ ሆኖ በአማርኛ «ሸና! ልጁ ሸና!» ብሎ ጮኸ። ኩላሊቴ አንተ ውስጥ ሥራ ጀመረ ማለቱ ነበር፤ ነርሶቹ ግን ደንግጠው ዞሩ። እሱ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ያንኑ ይደጋግማል። ለእማዬም በስልክ ያላት ይህንኑ ነው። እሷም «ጌታ ሆይ» ብቻ ነበር የምትለው።

አሁን ደህና ነኝ። ቁስሌ ደርቋል፣ ወደ ሥራዬም ተመልሻለሁ። ትናንት ከቸርችል ጎዳና ተነስቼ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። መሃል ላይ ቆም ብዬ አረፍኩ እንጂ አላመመኝም። እማዬም ግፊቷ ወርዶላታል። ባለፈው አንተ «ይህን ውለታ እንዴት ነው የምመልስልሽ?» ስትለኝ በቀልድ ያለፍኩት መልስ ስላጣሁ አይደለም። ውለታ የሚባለው ለባዳ ነው። አንተ እኮ ወንድሜ ነህ።

ሐኪሞቹ ሲለቁህ ምን ላምጣልሽ ብለሃል። ጨርቁንም፣ ሽቶውንም፣ ጫማውንም ተወው። ቦሌ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ያቤፅዬ፣ ምንም ሳትይዝ፣ እጅህን እያወዛወዝክ ና።

የምትወድህ እህትህ
ትህትና፣ ከፒያሳ