አንድ ዛንደር እስኪያዝ

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

«አባቴ አንድ ዛንደር ከያዘ የትም አልሄድም። ፕሮሚስ!»

ሔርሜላ ናት። ለጓደኛዋ፣ በስልክ። ዓሣ ከምናጠምድበት ካናል ድልድይ ሥር ገብታ፣ የማልሰማት መስሏት። ድልድይ ሥር የተነገረ ነገር እጥፍ ሆኖ እንደሚሰማ ዩኒቨርሲቲ አላስተማሯትም።

ሳቀች ደግሞ። ሳቁን አልያዝኩትም። ቃሉን ያዝኩ።

ልጄ ኅዳር መጨረሻ ላይ ካናዳ ትሄዳለች። ዊኒፔግ። ሥራ አግኝታለች፤ ዎልአይ የሚባል የሐይቅ ዓሣ ልታጠና። የኛው ዛንደር የአክስት ልጅ ነው አለችኝ። የአክስቱን ልጅ እዚሁ ብታጠና ምን ነበረበት? አልጠየቅኳትም...

ዛሬም አንድ ዛንደር ክሬን ነካኝ። ጠቅ። ከዚያ ባዶ።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

ሙዚየም ጥበቃ ላይ ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ ወንበሬ ፊት ቆማ ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ማብራሪያዬን ፈለገች።

ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት፦ በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይያዛል። ዓሣ በምን እንደሚያዝ አባቶች አልነገሩንም።

«አትሂጂ» ማለት ይቻላል በእርግጥ። ግን በምን አፍ? ከእናቷ ከኤልፍነሽ ጋር ስንለያይ ልጅቷ ገና ጥርሷን አልጨረሰችም ነበር። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ክሮይደን አደገች። እኔ ዊልስደን ቀረሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባት ነበርኩ። የቅዳሜ አባት በየትኛው ቀን ነው «አትሂጂ» የሚለው?

ዛንደር ይቀላል።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሔርሜላ ቆማ አየችኝ። እንደ ፈታኝ።

«አባ፣ ሲነካህ ምንድን ነው የምታደርገው?»

«እጠብቃለሁ።»

«ምን?»

«እስኪጎርስ።»

«ሲሪየስሊ?»

ታዲያ ምን ላድርግ? የሚበላ ፍጡር አፉን ሳይሞላ መንጠቅ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት።

«አባ፣ ጉርሻ አይደለም እኮ! ጎማ ነው! ጎማ መሆኑን ሲያውቅ ወዲያው ይተፋዋል።»

ጎማ ያለችው ጂጉን ነው። የእርሳስ ራስ ያለው መንጠቆ፣ ላዩ ላይ ለስላሳ የጎማ ዓሣ የተሰካበት። ከውኃው ወለል ታነሳዋለህ፣ መልሰህ ትለቀዋለህ። የሚነክሰው ሲወርድ ነው። «ሲወርድ ክሩን ጥለህ አትተወው። አትወጥረውም ደግሞ። አብረኸው ውረድ። ጠቅ ሲልህ ወዲያው ሳብ።»

«ወዲያው ማለት መቼ?»

«ከማሰብህ በፊት።»

ከማሰቤ በፊት ያደረግኩት ነገር ቢኖር ትዳር ነው። ይህን አልነገርኳትም።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ኮሪደር ውስጥ ቁልፌን ክር ላይ አስሬ ስጥል ሳነሳ የላይኛዋ ጎረቤቴ አየችኝ። «ኦልራይት?» አለች። ኦልራይት አልኳት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሔርሜላ አልመጣችም፤ ዕቃ ትሸክፋለች። ከባህሩ ጋር ዋልኩ። ባህሩ ታክሲ ይነዳል፤ በዚህ ካናል የሱን ያህል ዛንደር የያዘ ሐበሻ የለም፤ የሱን ያህል የሚያወራም የለም።

«ስንቴ ነካህ ወንድዬ?»

«ብዙ።»

«የያዝከውስ?»

«ምንም።»

«ይሄ ማጥመድ አይደለም፤ ሰላምታ ነው።»

መንጠቆዬን ተቀብሎ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አስኬደው። ተንሸራተተ። «መንጠቆ ነው ማንኪያ? ጥፍር ላይ ካልቆመ እሱ አፍ ላይ አይቆምም፤ የዛንደር አፍ አጥንት ነው።» ከኪሱ ትንሽ ሞረድ አውጥቶ ሳለልኝ። ከዚያ ክሬን አየ። ነፋሱ እንደ ሸራ ነፍቶታል። «ይኸው፣ ነፋሱ እያጠመደ አንተ ቆመሃል። የዘንግህን ጫፍ ወደ ውኃው ዝቅ አድርግ። ክርህ ከረገበ እሱ ነክሶ፣ ተፍቶ፣ ሃክኒ ሰፈር ደርሶ ነው አንተ የምትሰማው።»

ምን እንዳስቸኮለኝ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሞረዱን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ልጅቷ ቀልዳስ ከሆነ?»

«ቀልድ ነው አላለችም።»

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

መጣች! አዲስ ነገር ይዛ። ዓሦቹ የጎማውን ጭራ ብቻ እየነከሱ ነው የሚያመልጡኝ፤ ስለዚህ ጭራው ላይ ሌላ ትንሽ መንጠቆ ይጨመራል። ተንበርክካ በአጭር ክር አሰረችልኝ። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው፤ ቋጠሮውን በምራቅ አርጥባ ጠበቅ አደረገችው።

ልጅ ሆና የጫማዋን ክር ማሰር የተማረችው በሳምንቱ መካከል ነበር። ቅዳሜ ስትመጣ ትችል ነበር። ማን አስተማራት? ኤልፍነሽ? መምህሯ? እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ላስተምራት ዝቅ ብዬ ነበር እኮ... «እችላለሁ» አለችኝ።

«አባ! አባ! ክርህ!»

ጣቶቿን ሳይ አመለጠኝ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ምንም አልነካም። ብርድ። ቴርሞስ ይዛ መጥታ ሻይ ጠጣን።

ስለ ዊኒፔግ ሐይቅ አወራችልኝ። በክረምት ሐይቁ ድንጋይ ይሆናል፤ መኪና ይሄድበታል። በረዶውን በስተው በትንሿ ቀዳዳ ጂግ ያወርዳሉ። ከታች በጨለማው ዎልአይ ይመጣል፤ ዓይኑ ብርሃን ይሰበስባል። ስታወራ አማርኛው አለቀባት፤ በእንግሊዝኛ ሮጠች፤ ከዚያ እኔን ልትወስድ ተመለሰች። «ገባህ አባ?»

ገብቶኛል። በረዶው አልገባኝም፤ ፊቷ ገብቶኛል። እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ አይደለም የምትሆነው ማለት ነው።

«አትሂጂ» አፌ ላይ ነበረች። ከሻዩ ጋር ወረደች።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ያዝኩ።

የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ ባህሩ ብቻ አጠገቤ። አነሳሁ፣ ለቀቅኩ፣ አብሬው ወረድኩ። ክሩ ወለሉ ሳይደርስ ቆመ። ጠቅ እንኳ አላለም። ቆመ ብቻ። እጄ ቀደመኝ፤ ልክ ሔርሜላ እንዳለችው። ሳብኩ... ከበደ። ራሱን ሲነቀንቅ እስከ ክንዴ ተሰማኝ። መንጠቆው ከላይኛው ከንፈሩ ጥግ ቁጭ ብሏል።

ረዥም፣ ነሐስ የመሰለ። የጀርባው እሾህ ቆሟል። ዓይኑ መስታወት። ይሄም ስደተኛ ነው፤ ከባሕር ማዶ ነው ያመጡት ይላሉ። ማንም ወረቀት ሳይጠይቀው ወልዶ ከብዷል።

«ስልክህን አምጣ!» ባህሩ ይዘላል። «ፎቶ ላንሳህ፣ አሁኑኑ ላክላት!»

«አይ።»

«አብደሃል?»

«ብትቀርስ?»

«እንድትቀር አይደል እንዴ ይሄን ሁሉ ብርድ የቻልከው?»

«ነው።»

ባህሩ አየኝ። ዓሣውን አየ። ሔርሜላ ቃል አክባሪ ልጅ ናት። የሚያስፈራውም እሱ ነው። ይህን ፎቶ አይታ ሻንጣዋን ብትፈታ... ያን ፊት የትኛው ቅዳሜ ይመልስልኛል?

ዓሣውን ለባህሩ ሰጠሁት፣ አፉን እንዲዘጋልኝ። ማታ ደወለ፦ እቤቱ በቃሪያ ጠብሰው በሉት። ጣፋጭ ነው አለ። ምስጢሩ እሱንም ከብዶታል።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ቅዳሜ። ጭጋግ። ጎን ለጎን ቆምን።

አነሳሁ፣ ለቀቅኩ። ክሩ ቆመ። አወቅኩት። እጄ ሊነሳ ነበር፤ ያዝኩት። እጅን መያዝ ዓሣ ከመያዝ ይከብዳል። ተውኩት ይጉረስ። ጎረሰ፣ ተፋ፣ ሄደ።

«አባ! ነክሶህ ነበር እኮ! ክርህ ሲቆም አላየህም?»

«ቆሞ ነበር?»

«ኦ ማይ ጋድ! ሆፕለስ ነህ!» ሳቀች፤ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከባድ ነው የሰው ግንባር። ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ። ሥራዬም ነው።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ሂትሮው። ኤልፍነሽ በቀኝ፣ እኔ በግራ። «ስመለስ አንድ ዛንደር ይዘህ እንድትጠብቀኝ።» እሞክራለሁ አልኳት። የጫማዋ ክር አንዱ ተፈትቶ ነበር። ልነግራት ስል ራሷ አይታው ዝቅ አለች።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ትናንት ብቻዬን ካናል ወረድኩ። ከነኩኝ የሳትኩት አንዱን ብቻ ነው። ማታ በስልክ ስነግረው ባህሩ «አሁን ሰው ሆንክ» አለኝ። እጄ ከእንግዲህ አይጠብቅም። ቅዳሜ ግን ረዥም ቀን ነው ለካ... ድሮ እንዲህ ይረዝም ነበር?

ዛሬ ከሰዓት ኤልፍነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ደወለች። ልጅቷ ደህና ገብታለች፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል አለች፤ ኮት ገዝታለች። ስንት ጊዜያችን ነው እንዲህ ሳንናከስ ስናወራ? ደስ አለኝና አፌን ከፈትኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ድልድይ ሥር የሰማሁትን፣ ዓሣውን፣ ልጅቷ እንዳትቀር ብዬ መደበቄን። ታመሰግነኛለች ብዬም ይሆናል።

 የአውቶቡስ ድምፅ ይሰማኛል።

«ወንድይራድ» አለች ቀስ ብላ፤ «ትኬቷን የቆረጠችው እኮ ነሐሴ ላይ ነው።»