ሶኬታችንን ስላሰሩልን እናመሰግናለን

ለተከበሩ አቶ ድቪር
የማኅበራዊ ማእከላት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ረሆቮት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልሁ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም በዚህ ወበቅ ሳያቋርጥ እንደሚሠራልዎ ተስፋ በማድረግ አክብሮት የተሞላ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በክፋር ግቢሮል ሞዓዶን፣ በአረጋውያን ክበባችን፣ የምንሰበሰብ ሴቶች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው እርስዎ «ጤነኛ ነው» ብለው የጻፉለት ኮምፒውተር ነው። በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። እርስዎ ዕብራይስጥ ለማያነቡ አሮጊቶች ትእዛዝዎን በዕብራይስጥ ልከው ይረዱታል ብለው እንደ ተማመኑ ሁሉ፣ እኔም በእርስዎ ተማምኜ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ስጦታዎ ምስጋና ይገባዎታል። ክፍልዎ ያገለገለ ኮምፒውተር ከሰፊ ስክሪን ጋር ሲልክልን፣ ሊኑክስ የሚባለውን በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ጭናችሁበት፣ የድሮውንም ሥርዓት ሳታጠፉ በጎን ትታችሁልን ነበር። ያ ሰፊ ስክሪን ለእርስዎ ከመጋዘን የወጣ አሮጌ ዕቃ ቢሆንም፣ ለእማማ ይርገዱ ግን ወንድማቸው ነበር። እማማ ይርገዱ የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ የሄደ፣ በስልክ ላይ ያለ ፊት ከጥላ የማይለይላቸው እናታችን ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ውዱ ጎንደር ሆነው ወደዚህ ወደ እስራኤል የሚመጡበትን ተራ ይጠብቃሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ አቶ ውዱ ኢንተርኔት ካለው ጎረቤት ቤት ይቀመጣሉ፤ እኔ ከሥራ መልስ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፤ እማማ ይርገዱም አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው «ይኸን ጢምህን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» እያሉ ይቆጧቸዋል። ሐኪሙ የቀረው ብርሃን ብዙ እንደማይቆይ ነግሯቸው ስለነበር፣ እኛ ያንን ሰዓት እንደ ጨዋታ አናየውም ነበር። እርስዎ ግን ይህን የሚያውቁበት ምክንያት አልነበረም፤ ለማወቅ መምጣት ያስፈልግ ነበርና።

ሁለተኛ፤ ስለ ሠራተኛዎ ስለ ኦፊር። ይህ ትጉህ ሰው ሰኞ ሰኞ እየመጣ፣ የተገኙትን ሰዎች ስም ለማተም የድሮውን ሥርዓት ይከፍት ጀመር። በማግስቱ ሊኑክስን ስንከፍት ሁሉም ነገር አለ፣ ኢንተርኔት ግን የለም። በኮምፒውተሩ ቦርድ ላይ አብሮ የተሠራው፣ ኢንተርኔቱን ከገመዱ የሚቀበለው የኔትወርክ ካርድ፣ ገመዱ ተሰክቶበት ሳለ ገመድ አላየሁም ይላል፤ ከጎኑ ያለችው አረንጓዴ መብራትም ጨልማለች። ገመዱን ለወጥን። የለወጥነውን በልጄ በቶሜር ላፕቶፕ ሞከርነው፤ ያለችግር ሠራ፤ የላፕቶፑ ስክሪን ግን ለእማማ ይርገዱ ጭጋግ ሆነባቸው፤ የሰፊው ስክሪን ገመድም ለላፕቶፑ አልገጥም አለ። ኮምፒውተር ከዚህም ከዚያም እየለቃቀምሁ የተማርሁ ስለሆንሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል ብዬ የማውቀውን ትእዛዝ ሁሉ ጻፍሁለት። ካርዱ ስሙን ስጠይቀው አለሁ ይላል፤ ተነሥ ስለው ግን አይነሣም። ወደ ክፍልዎ ብደውል አጥፍተሽ አብሪው ተባልሁ፤ አጥፍቼ አበራሁ፤ ደግሜ ብደውል አጥፍተሽ አብሪው ተባልሁ። የክፍልዎን ምክር ጽናት አደንቃለሁ።

የሚገርመው፣ እሑድ እሑድ ይሠራ ነበር። ምክንያቱን ባናውቅም፣ አቶ ውዱ ጎረቤታቸውን ለምነው ቀጠሮውን ወደ እሑድ አዞሩልን።

ሦስተኛ፤ ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት ወደ ሆነው በጎ ሥራዎ እመጣለሁ። እናቶቻችን ዓርብ ከቀትር በኋላ ሞዓዶኑን ሲዘጉ፣ ለሰንበት ሁሉም ይረፍ ብለው ከግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ሁሉ ይነቅላሉ። አንድ ዓርብ ኦፊር ረስቶት የሄደውን ቻርጀር ሊወስድ ሲመለስ ይህን አየና፣ የችግሩን ሥር ያገኘ መስሎት፣ «ኢማ፣ ኮምፒውተር እኮ የሰንበት ምግብ ማሞቂያ ፕላታ አይደለም» ብሎ በሳቅ ገሠጻቸው። እርስዎም ይህን ከእርሱ ሲሰሙ ሶኬቱን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር አስጠፍረው፣ ገመዱን ከግድግዳም ከኮምፒውተሩም መንቀል የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከነማኅተሙ አስለጠፉበት። ከዚያ ወዲህ ኔትወርኩ እሑድም ሞተ።

አራተኛ፤ አንድ ቀን በሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ያቺ አረንጓዴ መብራት ማንም ሳይነካት በራች። ወይዘሮ ማሚቱ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ጓደኛችን፣ «ለካ ይኸ ማሽን ከኛ ይልቅ ሰንበት አክባሪ ኖሯል፤ ካላሳረፉት አይሠራም» አሉ። ሳቅን፤ ነገሩ ግን ልክ ነበር። የድሮው ሥርዓት ሲዘጋ ካርዱን አስተኝቶት ይሄዳል፤ ሊኑክስ ሊቀሰቅሰው አይችልም፤ አጥፍቶ ማብራትም አይበቃም፤ ኤሌክትሪኩ ከሥሩ ተቋርጦ ጥቂት መቆየት አለበት። እናቶቻችን ዓርብ ዓርብ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። ይህንን አሳጥሬ ጻፍሁልዎ፤ ሶኬቱ እንዲፈታ፣ ካልሆነም ቁልፉ በእርስዎ እጅ ያለው የመብራት ቆጣሪ ሳጥን እንዲከፈትልን ለመንሁ። የመለሱልኝ ኮምፒውተሩ ጤነኛ እንደሆነና ተጠቃሚዎች ዕቃ እንዳይነኩ ነበር።

ማሰሪያውን ያን ጊዜውኑ ለምን አልቆረጥሽውም ይሉኝ ይሆናል። መቀስ ይዤ ቀርቤ ነበር። እማማ ይርገዱ እጄን ይዘው፣ «ተይው ልጄ፤ ማኅተም ያለበትን ከነካን ውዱን ይከለክሉብናል» አሉኝ። የእርስዎ ክፍል ከአቶ ውዱ የመምጫ ፋይል ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ነገርኋቸው፤ አላመኑኝም። በየቢሮው በር በወረፋ ያረጀ ሰው ማኅተም ሁሉ የአንድ እጅ ይመስለዋል። ስለዚህ ወንድማቸው እንዲመጣ ብለው፣ ወንድማቸውን ሳያዩ ቆዩ። እርስዎም ይህንን ሁሉ በአንዲት የፕላስቲክ ማሰሪያ ማከናወንዎ፣ ለቁጠባ ያለዎትን ችሎታ ያሳያል።

አምስተኛውና የመጨረሻው። ባለፈው ሳምንት እማማ ይርገዱ ከሕክምና ጣቢያቸው ከኩፓት ሆሊም ተመልሰው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ሐኪሙ ያላቸውን አልጠየቅሁ። ማሰሪያውን ቆረጥሁ፤ ሶኬቱን ነቅዬ ጥቂት ቆይቼ መልሼ ሰካሁት። አረንጓዴዋ በራች፤ በስልክ ያስጠራናቸው አቶ ውዱም ከነጢማቸው ስክሪኑን ሞልተው ብቅ አሉ። እማማ ይርገዱ እንደ ልማዳቸው ተጠጉ፤ ከዚያም ይበልጥ ተጠጉ፤ በመጨረሻም በመዳፋቸው ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱትና፣ «ውቢት፣ ብርሃኑ በርቷል፤ ውዱ የታለ?» አሉኝ።

እነሆ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ እንደ ጻፉት።

ለክፍልዎ የሥራ ፍሬ፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ፣ ከሁሉም በላይ የሚወዱትን ሰው ፊት እስከ መጨረሻው የሚያይ ጤናማ ዓይን እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ውቢት አንዳርጌ
ክፋር ግቢሮል

ማስታወሻ፤ የኔትወርክ ካርዱን መጥቶ እንዲያይ ስለምነው የሞዓዶናችን መንገድ ይጠፋው የነበረው ክፍልዎ፣ ማሰሪያው በተቆረጠ ማግስት ገና በጠዋቱ ሰው ልኮ ቆራጩን ሲጠይቅ ዋለ። መንገዱን ስላገኛችሁት እንኳን ደስ ያላችሁ። የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ስሜ ከላይ አለ፤ ደግማችሁ ስትመጡ አሮጊቶቹን አታስደንግጡ፣ እኔን ጥሩኝ።