በተገለባበጠ መጽሐፍ ላይ የሰጠሁት ፍርድ

ውድ ልጄ ሰመረ፣ ወደይ፤

ከሁሉ በፊት የአባትህ ሰላምታ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ከወንበር ስትነሳ ያስቃስትሃል? ባለቤትህ ፍዮሪስ እንዴት ናት? የልጅ ልጄ ዳናይትስ ቁመቷ ምን ያህል ደረሰ? በኖርዌይ ክረምት ፀሐይ ለምሳ ሰዓት እንኳ አትቆይም ሲሉ ሰምቼ እንዴት እንደምትኖሩ እገረማለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ዳገት ካልሆነ አያስቸግረኝም፤ የመጠረዣ ሱቄም ያው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ናት። እናትህ ሓዳስም ደህና ናት፤ ሰሞኑን ግን ምላሷ ረዝሟል። ምክንያቱን ትደርስበታለህ።

ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን አስተማሪዋ ፅናት ናት። ያልኩትን ሳታሳምር እንድትጽፍ ላስምላት ብል በእነሱ ሃይማኖት መማል የለም አለችኝ፤ በቃሏ አምኛታለሁ። ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ በስልክ ትልክልሃለች፤ ወረቀቱ በፖስታ ይከተላል። ያልደወልኩልህ ስልክ ላይ «እሺ አቦይ» ትለኝና በልብህ የቀረውን ስለማልሰማው ነው።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልናገር። የዛሬ ሳምንት «ቁረጠው» ያልኩህን ቃል አንስቻለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ የተረጎምከው መጽሐፍ እንደሆነ፣ አሳታሚው ግማሹን ካልቀነስክ አላትምም እንዳለህ፣ መልሱንም እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። አንተም «ይሉኝታ የማያውቅ ሰው አንተ ብቻ ነህ፤ ያልከውን አደርጋለሁ» ብለህ ፍርዱን ለእኔ ሰጠኸኝ። እኔም ፈረድኩ። ፍርዱ ግን የቆመው በራሴ ጥፋት ላይ ነው። ይህን ማለት ለእኔ ቀላል እንዳይመስልህ።

የላክኸውን መጽሐፍ በሐምሌ የፅናት ባል ያቤፅ በወረቀት አስወጥቶ አመጣልኝ። አምስት እስር ነው፤ እያንዳንዱ በሲባጎ ታስሯል። እኔ ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር አላጣም። የየእስሩን ገጽ ቁጥር አየሁ፤ ሙሉ ነው። ግን አምስቱም ከአንድ ነው የሚጀምሩት። ክፍሎቹን ስም ብቻ ሰጥተሃቸው አንደኛ ሁለተኛ አላልክም። የትኛው ይቅደም ብዬ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። አርባ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብና የአራት ኪሎ ተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ ስጠርዝ ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ እንደ ልማዴ ቀጭኑን ከፊት፣ ወፍራሙን ከኋላ አድርጌ በወስፌ በሳሁ፣ ሰፋሁ፣ ጀርባውን ኮላ ቀባሁ። ከመጽሐፉ ጋር የመጣውን የሌለ አገር ካርታም አጥፌ ከፊት አስገባሁት። ጎይቶም ሰዓት ሠሪው መርካቶን ፈልጎ አጣሁት አለ።

እሁድ እሁድ እኛ ከቅዳሴ፣ እነ ፅናትም ከጸሎታቸው ሲመለሱ እኛ ቤት እንሰበሰባለን። ፅናት ታነባለች፤ እኔ፣ እናትህ፣ ያቤፅና ጎይቶም እንሰማለን። ወደይ፣ ምን ልበልህ። በሐምሌ ንጉሡ ሞቶ ተቀበረ፤ በነሐሴ ተነስቶ ፈረስ ይጋልባል። ተቃጥሎ በወደቀ ድልድይ ላይ ሠራዊት ይሻገራል። በዚህ ላይ ዛፉ። አንድ ዛፍ ለአራት ገጽ። ጎይቶም ገና ግንዱ ላይ ሳለን አንቀላፋ፤ ስንቀሰቅሰው «ሰዎቹ ወረዱ?» አለ። ማንም የወጣ አልነበረም። የንጉሡ ግብር ደግሞ ጾመ ነቢያት በገባ በመጀመሪያው እሁድ ደረሰን። አሥራ አንድ ዓይነት ጥብስ በየስሙ ተዘረዘረ። እናትህ ምራቋን ውጣ «ፅናት ልጄ፣ ይቺን ገጽ ለገና አቆያት» አለቻት።

ያቤፅ እንዲህ ያለውን የጥንት ረጅም ተረት ከተማሪነቱ ጀምሮ ሲያነብ የኖረ ነው። የሞተው ንጉሥ ለምን ተነሳ ብንለው «አባባ፣ ይህን ዓይነት መጽሐፍ ይታገሡታል። እስከ ሁለት መቶ ገጽ ድረስ ለማንም አይገባም፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጣፍጠው» ይላል። ጎይቶም «ሁለት መቶ ጉርሻ የማይጣፍጥ ወጥ ማን ይበላል?» ይለዋል። ያቤፅም «እርስዎ የሚፈልጉት መጽሐፍ ሳይሆን የቀብር ማስታወቂያ ነው፤ ማን ሞተ፣ የት ይቀበራል፣ አለቀ» ብሎ ይመልስለታል። እኔ የማንኛቸው ወገን እንደሆንኩ አላውቅም። ሲነበብ ይሰለቸኛል፤ ሰኞ ጠዋት መርፌ ይዤ ስቀመጥ ግን ያ ጀልባ ቀዛፊ ምን ደረሰበት እላለሁ። የሚሰለች ነገር እንዴት ይናፍቃል? ይህ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ያልገባኝን ነገር ደግሞ አልወድም። ስለዚህ ስትደውል ቁረጠው አልኩህ፤ ሙት የሚነሳበት መጽሐፍ የማውቀው አንድ ብቻ ነው አልኩህ። «እሺ አቦይ» አልክ። ድምፅህ እንደ ልጅነትህ ቀጠነ። ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ስልኩን ዘጋሁ።

ባለፈው እሁድ እናትህ ምስር እየለቀመች ስትሰማ ቆይታ «ቆይ እስቲ፤ ይቺ የንጉሡ ልጅ መስቀል ሰሞን የወተት ጥርሷ ወለቀ ብለሽ አንብበሽልኛል። ዛሬ እንዴት ጡት ትጠባለች?» አለች። ያቤፅ ምሥጢር ይኖረዋል ቢላት «ምን ምሥጢር አለው፤ ልጅ ወደ ኋላ አያድግም» አለችው። እኛ ንጉሥና ጦር ስንከተል እርሷ ለካ ያችን ልጅ ብቻ ስትከተል ኖራለች። ፅናት ገጾቹን ገለባበጠች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ከኋላ የከተትኩት ወፍራሙ እስር የመጽሐፉ መጀመሪያ ኖሯል። ንጉሡ የሚሞትበት ቀጭኑ ደግሞ መጨረሻው። ፅናት «ለእኔም አልገባኝም ነበር፤ አስተማሪ ሆኜ አልገባኝም ማለት አሳፍሮኝ ነው» አለች። አሁን ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊው ብያታለሁ።

ሰኞ ጠዋት የራሴን ስፌት በምላጭ ፈታሁ። ሌላ ሰው ያበላሸውን ስፈታ ኖሬያለሁ፤ በጥፋቴ የራሴን ስፈታ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ኮላው አልለቅም ብሎ አስቸገረኝ። ጥፋቱንም በደንብ አድርጌ ነበር የሠራሁት። ጎይቶም በሱቄ በር ባለፈ ቁጥር «ዛሬስ ንጉሡ ሞተ ወይስ ተወለደ?» ይለኛል። ይበል።

ከሰኞ ጀምሮ ፅናት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ከመጀመሪያው ታነብልናለች። ሁሉም ተቃናልኝ ብዬ አልዋሽህም። ትናንት ቀዛፊው ጀልባውን ሲያስር ሦስት ገጽ ወሰደ። ሦስት ገጽ ለአንድ ቋጠሮ ብዬ ልሳደብ ስል፣ እጄ የመጠረዣ ክር ይዞ እንደተነበበው ሲቋጥር አገኘሁት። ብስበው ብስበው አልፈታ አለ። የጻፈው ሰው ቋጠሮ ያውቃል። ጎይቶም ግን ያን ጊዜ ተኝቶ ነበር፤ ለእርሱ ቋጠሮው ይቆረጥለት። ለእኔ ዛፉ ይቆረጥልኝ። ያቤፅ ዛፉን ከነካችሁ ጎረቤትነታችን ይቀራል ይላል። እናትህ ጦርነቱን በሙሉ አውጥተህ ልጅቷን እንድትተውላት ትፈልጋለች። የሰለቸንን ሁሉ ብትቆርጥልን የሚቀርህ ሽፋኑ ነው። ይህ መጽሐፍ መልካም ነው ወይስ ክፉ ብትለኝ አላውቅም። አላውቅም ማለት አልለመድኩም፤ ግን አላውቅም።

ስለዚህ ወደይ፣ ፍርዱን መልሼልሃለሁ። አሳታሚው ፊት አባቴ ቁረጥ ብሎኛል እንዳትል። ብትቆርጥም ባትቆርጥም በራስህ ይሁን፤ ሰባት ዓመት ከውስጡ የኖርከው አንተ ነህ፣ እኔ ከጀርባው ነው የማውቀው። ይህ ቃል ሳይደርስህ ቆርጠኸው ከሆነ ግን አትደብቀኝ። ደውልልኝ። ያን ጊዜ «እሺ አቦይ» አትበለኝ፤ የተቆጣኸውን ያህል ተቆጣኝ፣ ስልኩን ሳልዘጋ እሰማሃለሁ።

ፍዮሪን ሳምልኝ፤ አንተ ስትተረጉም የቤቱን ሸክም የያዘች እርሷ ናት። ዳናይትን ግራ ቀኝ ጉንጯን ሳምልኝ። እናትህ እጅግ አድርጋ ትስምሃለች፤ የንጉሡ ልጅ አድጋ ማንን እንደምታገባ ሹክ በለኝ ትላለች። ጎይቶምና ያቤፅ ሰላም ብለውሃል። ፅናትም የራሷን ሰላምታ በገዛ እጇ በወረቀቱ ጠርዝ ጨምራለች።

ፊርማ ስለሌለኝ በአውራ ጣቴ አትሜበታለሁ።

አባትህ ገብረአምላክ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.